«መልቀቂያ ጻፊ» ሲሉሽ

ሠራተኛዋ በአንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት በንብረት ያዥነት ሠርታለች። ወንድሟ ሰባት ሰዎች የሚሠሩበት የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ጠበቃው ዕድሜያቸውን በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ቢሯቸው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ንግግራቸው ሰኔ ሲዘጋ ከተደረገ የንብረት ቆጠራ ይነሣና ሰው ሥራውን ሲያጣ ሕጉ የት ድረስ አብሮት እንደሚሄድ ወደሚለው ያመራል።

ጠበቃው፦ ከመጀመሪያው ንገሪኝ ልጄ። ማን ጠራሽ? ምን አለሽ?

ሠራተኛዋ፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊው አስጠራኝ። ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት አስቀምጧል። «በግል ጉዳዬ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅሁ መሆኑን አሳውቃለሁ» ይላል። ስሜ አለበት፣ ቀኑ ተሞልቷል፣ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። «ፈርሚ፣ የሥራ ልምድሽን አሳምረን እንጽፍልሻለን። አልፈርምም ካልሽ የቆጠራው ጉድለት አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው» አለኝ።

ጠበቃው፦ ፈረምሽ?

ሠራተኛዋ፦ አልፈረምኩም። ልማከርበት ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ስሄድ ጥበቃው በር ላይ አቆመኝ። «እንዳትገባ ተብሏል፣ እኔ ምን ላድርግ እህቴ» አለኝ። ደብዳቤ አልሰጡኝም፤ የነገረኝም የለም።

ጠበቃው፦ እንኳን አልፈረምሽ። ብዙ ሰው እዚህ ቢሮ የሚመጣው ከፈረመ በኋላ ነው። ፈርመሽ ቢሆን የለቀቅሽው አንቺ ነሽ። ተገድጄ ነው ብትዪ ደግሞ መገደድሽን ማስረዳት ያንቺ ፋንታ ይሆናል፤ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ የተባለውን በምን ታስረጃለሽ? አሁን ግን ያሰናበተሽ እሱ ነው። ለምን እንዳሰናበተሽ መናገርም፣ ምክንያቱን ማስረዳትም የሱ ሥራ ነው።

ወንድሟ፦ ጋሼ፣ እኔ እህቴን ይዤ ብመጣም አሠሪ ነኝና ልጠይቅዎት። ድርጅቱ የሰውየው ነው። ሠራተኛውን ካልፈለገው «አልፈልግህም» ማለት አይችልም?

ጠበቃው፦ በሙከራ ጊዜ ይችላል። ሙከራው በጽሑፍ ተስማምተውበት ከሆነ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ፣ ለቦታው አልሆንክም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይፈቀድለታል። በፊተኛው አዋጅ፣ በ377/1996፣ 45 ቀን ነበር፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ 1156/2011 ነው ያራዘመው። ከዚያ በኋላ ግን «አልፈለግሁህም» የሚባል ምክንያት ሕጉ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ የሥራ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት።

ወንድሟ፦ ለምን? ሠራተኛውስ በፈለገው ቀን ይለቅ የለ?

ጠበቃው፦ እሱም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ግን የጠየቅኸው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ ቢለቅበት ድርጅቱ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ሌላ ይቀጥራል፣ ሥራው ይቀጥላል። እህትህ ደመወዟ ሲቆም የቤት ኪራይዋ አይቆምም፤ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ አይቆምም። በዚያ ላይ ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት በአንድ ቃል «ሌባ ናት» ቢላት ሌላ ቦታ ማን ይቀጥራታል? ሕጉ ይህን ልዩነት አይቶ ነው ጠንከር ያለውን ግዴታ ጉልበት ያለው ላይ የጣለው።

ወንድሟ፦ ይህ የደርግ ዘመን አስተሳሰብ ይመስለኛል።

ጠበቃው፦ ሰው ሁሉ እንዲያ ይለዋል። የሠራተኛ ማኅበር መብትና የሥራ ክርክር የሚታይበት ቦርድ የመጣው በንጉሡ ዘመን፣ በአዋጅ 210/1956 ነው። ደርግ 64/1968ን አወጣ። ኢሕአዴግ 42/1985ን፣ ከዚያ 377/1996ን አመጣ፤ አሁን ያለው 1156/2011 ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዋጁ ተለውጧል፤ ሠራተኛ ጥበቃ ያስፈልገዋል የሚለውን ግን አንዱም አልካደውም። ያለ በቂ ምክንያት ሰው ከሥራ አይሰናበት የሚለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ንም ኢትዮጵያ በ1983 ተቀብላ አጽድቃዋለች። ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ልጄ፣ ሰኞ ከበር ከተመለስሽ ወዲህ ምን አደረግሽ?

ሠራተኛዋ፦ ምን አደርጋለሁ፣ ቤት ተቀመጥኩ።

ጠበቃው፦ እሱ ነው የሚያሰጋኝ። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆነ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበው «እኛ አላባረርናትም፣ ራሷ ሥራዋን ጥላ ጠፋች» ይላሉ። ይህን መከላከያ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! በአፍ ያባርራሉ፣ ወረቀት አይሰጡም፣ ከዚያ በመቅረት ይከሳሉ።

ሠራተኛዋ፦ ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?

ጠበቃው፦ ነገ ጠዋት በመግቢያ ሰዓት ትሄጃለሽ፤ ወንድምሽም አብሮሽ ይሂድ። ደብዳቤ ትይዣለሽ። «በዚህ ቀን ወደ ሥራ ስገባ በጥበቃ ተከልክያለሁ፣ የስንብት ደብዳቤ አልተሰጠኝም፣ ሥራዬን ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ፣ እንድገባ ይፈቀድልኝ ወይም የተሰናበትኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ይላል። ሁለት ኮፒ። አንዱን መዝገብ ቤት ታስገቢና ባንቺው ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ታስደርጊያለሽ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ትልኪዋለሽ፤ ደረሰኟን አትጣዪ። ከሰው ኃይሉ ጋር በስልክ የተጻጻፋችሁት ነገር ካለም እንዳታጠፊው።

ሠራተኛዋ፦ በቴሌግራም «ከሰኞ ጀምሮ አትድከሚ» ብሎ ጽፎልኛል።

ጠበቃው፦ ይህን እስካሁን ሳትነግሪኝ! አሁኑኑ አሳዪኝ፤ ቀኑና ሰዓቱ እንደሚታይ አድርገን እናትመዋለን።

(ስልኳን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ወንድምየው እንዲያነበው አቀበሉት።)

ሠራተኛዋ፦ ጉድለቱስ ጋሼ? እውነት ለመናገር ቆጠራው ላይ የጎደለ ዕቃ አለ። አንድ ካርቶን መለዋወጫ በመዝገብ አለ፣ በመደርደሪያ የለም። እኔ አልወሰድኩም። ቁልፉ ሦስት ሰው እጅ ነው።

ጠበቃው፦ ቆጠራው መቼ ነበር?

ሠራተኛዋ፦ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ። ሪፖርቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለሥራ አስኪያጁ ደርሷል፤ ያስፈረምኩት እኔው ነኝ።

ጠበቃው፦ አሁን ኅዳር ነው። ስሚኝ፤ አሠሪ በሠራተኛው ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይወድቃል። ጥፋቱን ይዞ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። ነሐሴ አጋማሽ ካወቀ፣ መስከረም መጨረሻ ሳይደርስ መወሰን ነበረበት። ንብረቴን አጎደለችብኝ ብሎ ገንዘብ ልክሰስ ቢል ሌላ ጉዳይ ነው። ከሥራ ማስወጫ አድርጎ ሊጠቀምበት ግን ጊዜው አልፎበታል።

ወንድሟ፦ ይህ ለኔ አይዋጥልኝም ጋሼ። በወር ከአሥር ቀኑ አለፈና ሌባው ከኔ ጋር ይኖራል ማለት ነው?

ጠበቃው፦ ሠላሳ የሥራ ቀን ለማጣራት ይበቃል። ለዚያውም ጉዳዩ እስኪጣራ ሠራተኛውን ከሥራ አግዶ ማቆየት በኅብረት ስምምነት ሊፈቀድ ይችላል። ገደቡ ባይኖር ግን ምን ይሆናል? አሠሪው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም አንድ ጥፋት መሳቢያው ውስጥ ይቆልፋል። ሠራተኛው ማኅበር እናቋቁም ያለ ቀን፣ የትርፍ ሰዓት ይከፈለኝ ያለ ቀን፣ መሳቢያው ይከፈታል። እህትህን በዚህ ሰሞን ምን ስትጠይቅ ነበር ብለህ ጠይቃት።

ሠራተኛዋ፦ የትርፍ ሰዓት ነው። እኔና ሌሎች አራት ልጆች ፈርመን አስገብተናል። በጥቅምት።

ጠበቃው፦ ኮፒ አለሽ?

ሠራተኛዋ፦ አለኝ። ማኅተም ያለበት።

ጠበቃው፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። በምንም ሁኔታ ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮች አሉ። የማኅበር አባል መሆን፣ የሠራተኛ ተጠሪ መሆን፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክስ ተካፋይ መሆን፤ ብሔር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ አካል ጉዳት። ነፍሰ ጡር ሴትማ ከእርግዝናዋ ጋር ባልተያያዘና ሕጉ በለየው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም አትነካም። ያንቺ ስንብት እውነተኛ ምክንያቱ የጥቅምቱ ማመልከቻ መሆኑን ካሳየን፣ አሠሪው ወደ ሥራሽ እንዲመልስሽ ይገደዳል። ካሳ ይሻለኛል ብለሽ ካልመረጥሽ በቀር ማለቴ ነው። ሌላ ዓይነት ሕገ ወጥ ስንብት ከሆነ ግን ወይ ይመልሳት፣ ወይ ይካሳት የሚለውን ፍርድ ቤቱ ነው የሚመርጠው።

ወንድሟ፦ ካሳው ስንት ይሆናል?

ጠበቃው፦ ደመወዝሽ ስንት ነው?

ሠራተኛዋ፦ 12,000 ብር።

ጠበቃው፦ የቀን 400 ብር ብለን እንያዝ። ካሳው የቀን ደመወዝሽ 180 ጊዜ ነው፣ 72,000 ብር። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው፤ ያ ስላልተሰጠሽ 24,000። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 12,000፤ ከዚያ ለተጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 4,000፤ አምስቱ ዓመት 20,000 ይሆናል። ስንብቱ ብቻ 32,000። ሁሉም ሲደመር 128,000 ብር፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም ይታሰባል። ክፍያሽን ሥራው በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨመርበት ይችላል።

ሠራተኛዋ፦ ብመለስስ?

ጠበቃው፦ ውዝፍ ደመወዝ ይወሰንልሻል፤ ግን ጣሪያ አለው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲወስን እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ሲያጸናው እስከ አንድ ዓመት። ሕጉ ክርክሩ በ60 ቀን ይለቅ ይላል፤ በተግባር ቀጠሮው ከዚያ ይረዝማል፣ አትሸወጂ። ደግነቱ የዳኝነት ክፍያ የለብሽም።

ወንድሟ፦ 128,000 ብር ለኔ ሥራ ቤቱን መዝጊያ ነው። እህቴን ላባረረው ድርጅት ግን የአንድ ኮንቴነር ማስጫኛ አይሆንም።

ጠበቃው፦ የዚህ አዋጅ ደካማ ጎን ይህ ነው። 180 ቀን ለትልቅ ድርጅት ሰውን የማባረሪያ ዋጋ ሆኖለታል፤ አስቦበት ይከፍላል። ደግሞ ተመልከቱ፤ ሁለት ዓመት የሠራውም ሃያ ዓመት የሠራውም ካሳቸው ያው 180 ቀን ነው። የስንብት ክፍያው በዓመት ይለያይ እንጂ፣ ለደረሰበት በደል የሚሰጠው ካሳ አይለያይም። ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የሚጣል ሰው ሌላ ቀጣሪ ከየት ያመጣል? እንዲህ ላለው ሠራተኛ ዳኞች ካሳውን ትተው ወደ ሥራው ቢመልሱት ፍትሕ ነው እላለሁ። አብረው መሥራት አይችሉም፣ ግንኙነታቸው ሻክሯል እየተባለ በካሳ ሲሸኝ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ያሻከረው ማን ሆነና?

ሠራተኛዋ፦ እኔም ብመለስ ያሠሩኛል ብለው ነው?

ጠበቃው፦ ይህን ቤትሽ ሄደሽ አስቢበት። በክሱ ላይ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ወደ ሥራሽ ከነውዝፉ እንዲመልሱሽ፣ ይህ ባይሆን ካሳውና ሌላው ክፍያ እንዲከፈልሽ ነው። ፈርተሽ መመለሱን ካሁኑ አትተዪው። አንቺ ብትመለሺ አብረውሽ የፈረሙት አራቱ ልጆች ማመልከቻ ማስገባት ሰውን እንደማያስባርር ያያሉ። ባትመለሺ ግን ገንዘብሽን ተቀብለሽም ቢሆን፣ መጋዘኑ ውስጥ የትርፍ ሰዓት የሚጠይቅ አይኖርም።

ወንድሟ፦ እኔ ጋ ደግሞ አንድ ልጅ አለ። እጁ ጥሩ ነው፤ ግን ሰኞ አይመጣም፣ ሌላውም ቀን ረፋድ ላይ ነው። እሱን ባሰናብተው እንዲህ ቁጭ ብሎ ሊያስቆጥርብኝ ነው?

ጠበቃው፦ ማስጠንቀቂያ ጽፈህለታል?

ወንድሟ፦ በአፍ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ጠበቃው፦ ለቁጣህ ማስረጃ የለህም። ለማርፈድ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ ለመቅረት አምስት ቀን፣ ሁለቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት መሆን አለበት። ጥፋቱና የሚሰናበትበት ቀን በደብዳቤ ተገልጾ ይሰጠዋል።

ወንድሟ፦ እኔ መጋዝና መላጊያ እንጂ ጸሐፊ የለኝም ጋሼ። ፋብሪካውና እኔ በአንድ ሕግ መዳኘታችን ልክ ነው?

ጠበቃው፦ ቅሬታህ እውነት አለው። ሰባት ሠራተኛና ሰባት ሺህ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በአንድ ሚዛን መቀመጡ ያከራክራል። ከአንተ የሚፈለገው ግን ካርቦን ያለው ደብተር ነው። ቀኑን፣ ያረፈደበትን ሰዓት፣ «ብትደግም ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት እርምጃ እወስዳለሁ» የሚለውን ትጽፋለህ፤ ታስፈርመዋለህ፤ አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ፊት ሰጥቼዋለሁ ብለህ ታስፈርማለህ። ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ ልጁ በሰዓቱ መምጣት ይጀምራል፤ ሰው የማሰናበቱ ነገርም ይቀራል። ስትቀጥረውስ ወረቀት ሰጥተኸዋል?

ወንድሟ፦ በቃል ነው የተስማማነው።

ጠበቃው፦ በቃልም ውል ውል ነው። በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙን፣ ማንነታችሁን የያዘ ፊርማህ ያለበት ደብዳቤ ልትሰጠው ይገባ ነበር። ባለመስጠትህ እሱ መብቱን አያጣም፤ ሙከራ ላይ ነበር ብለህ ልትከራከር ግን አትችልም።

ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ የኔን ልጅ ይዛ ቤቴ የምትሠራው ልጅስ? እሷንም ይህ ሕግ ይጠብቃታል?

ጠበቃው፦ አይጠብቃትም። የቤት ሠራተኛን አዋጁ ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትታያለች ብሎ አልፏታል። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ እነሱ ግን ደመወዛቸውም አቅማቸውም ሌላ ነው። ሌሊት ስትባረር ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣበት ቤት የሌላት ልጅ ከሁሉ በፊት ጥበቃ ያስፈልጋት ነበር። አንቺ ቢያንስ ማስጠንቀቂያና የሥራ ልምድ ሳትሰጪ እንዳትሸኛት።

ሠራተኛዋ፦ እሺ። ለክሱስ ስንት ጊዜ አለኝ?

ጠበቃው፦ ወደ ሥራ ልመለስ ለሚለው ሥራው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር፤ ለክፍያው ስድስት ወር። ይህን ቀን በደጅ ጥናት የሚጨርሱት ብዙ ናቸው። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ የለም፣ ነገ ቦርድ ይወስናል፣ በክርስትና አባቱ አስማልዳለሁ ሲሉ ሦስት ወሩ ያልፋል። ማስታረቁ ይቀጥል፣ እኔም አልጠላም፤ ክሱ ግን ቀኑ ሳያልፍ ይገባል።

ሠራተኛዋ፦ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ሰኞ በር ላይ የመለሰኝ ጥበቃ ነው ያየው። ሦስት ልጆች አሉት። በኔ ምክንያት እንጀራው ቢዘጋስ?

ጠበቃው፦ የድርጅቱ ቅጥር ነው?

ሠራተኛዋ፦ አዎ፣ ከኔ በፊት ነው የገባው።

ጠበቃው፦ ቅድም የነገርኩሽ ክልከላ እሱንም ይሸፍነዋል። በአሠሪው ላይ በተጀመረ ክርክር ውስጥ ተካፋይ መሆን የስንብት ምክንያት አይሆንም፤ በዚህ ከተባረረ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። በሱ ስም ያለ ክፍያ ቆሜ እከራከርለታለሁ፤ ይህን ንገሪው። ይህን ሁሉ ሰምቶም ሊፈራ ይችላል፣ አልፈርድበትም። ሌላ ሰበብ ፈልገው ሊነኩት እንደሚችሉም ልትደብቂው አይገባም።

ሠራተኛዋ፦ ከፈራ በግድ አላስጠራውም።

ጠበቃው፦ አታስጠሪው። የቴሌግራሙ መልእክት አለ፣ የጥቅምቱ ማመልከቻ አለ፣ ነገ የምታስገቢው ደብዳቤ ይጨመራል፣ ወንድምሽ ነገ በር ላይ የሚሆነውን በዓይኑ ያያል። አሻራ የምትሰጡበት መሣሪያ ካለም እስከ ዓርብ ሙሉ ሰዓት መገኘትሽን የሚያሳየውን መዝገብ ድርጅቱ እንዲያቀርብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እናስጠይቃለን።

ወንድሟ፦ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?

ሠራተኛዋ፦ ሁለት ሰዓት።

ወንድሟ፦ አንድ ተኩል ላይ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ጋሼ፣ ደብዳቤው ዛሬውኑ ይተየብልን፤ ለኔም ልጅ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ናሙና ይስጡኝ።